ከፍሬሽማን ዓመት በኋላ ወደ ስመ ጥር ኮሌጅ ትራንስፈር ማድረግ፦ ከሴፕቴምበር እስከ ጁን የሚሠራው ሥራ

ዲሲ አካባቢ ባለ የሐበሻ ቤት ይህ ወሬ የሚነሣው ብዙ ጊዜ በገና ሰሞን ነው። ልጅ የመጀመሪያ ሴሚስተሩን ጨርሶ ይመጣል። ቡና ይፈላል። "ትምህርት እንዴት ነው?" ይባላል። ልጁ ትንሽ ዝም ይልና "ትራንስፈር ላደርግ፣ ወደ ሌላ ኮሌጅ ልዛወር አስቤያለሁ" ይላል። አባት ወዲያው "ሀርቫርድ?" ይላል። እናት "ገንዘቡስ?" ትላለች። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ "ስምህን የሚያውቅ ፕሮፌሰር አለህ?"

ነገሩ የቀን ሒሳብ ነው። ፍሬሽማን (የመጀመሪያ) ዓመቱን ጨርሶ በዚያው ኦገስት ሌላ ኮሌጅ መግባት የሚፈልግ ተማሪ ማመልከቻውን የሚያስገባው ማርች ላይ ነው። ያኔ እጁ ላይ ያለው የኮሌጅ ውጤት የአንድ ሴሚስተር ብቻ ነው፤ አራት ወይም አምስት ኮርስ። ይህ ለመፍረድ ስለማይበቃ ኮሌጆቹ የሃይስኩል ትራንስክሪፕታችሁን እንደገና ይጠይቃሉ። "ሃይስኩል አለፈ፣ እንደ አዲስ ልጀምር" የሚለው ሐሳብ ሁለት ዓመት ተምሮ ለሚያመለክት ሰው ይሠራል። ለእናንተ ግን በግማሽ ነው የሚሠራው። ሃይስኩል ላይ ውጤታችሁ ደከም ያለ ከነበረ፣ አንድ ዓመት ጨምሮ በሶፎሞርነት (በሁለተኛ ዓመት ተማሪነት) ማመልከት ብዙ ጊዜ ይሻላል። ይህን ስነግራቸው የሚያኮርፉ ልጆች አሉ። ማርች ላይ ከሚያኮርፉ ኖቬምበር ላይ ቢያኮርፉ እመርጣለሁ።

ማን ነው የሚቀበለው?

ከባድ የሚባሉት ኮሌጆች ለትራንስፈር ያላቸው በር አንድ ዓይነት አይደለም። ፕሪንስተን በ1990 ትራንስፈር መቀበል አቁሞ ነበር። በ2018 እንደገና ሲጀምር 1,429 ሰው አመለከተ፤ ቦታ የተሰጣቸው 13 ብቻ ነበሩ። ሀርቫርድም የሚወስደው በጣም ጥቂት ነው። ኮርኔል ግን በየዓመቱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ትራንስፈር ተማሪዎችን ያስገባል። ፍሬሽማኖቹ የማይለቁት ኮሌጅ ባዶ አልጋ የለውም። የዘንድሮው ቦታ ለከርሞው ምንም ላይነግራችሁ ይችላል።

ይህን በግምት ማወቅ አያስፈልግም። ብዙ ኮሌጆች "ኮመን ዳታ ሴት" የሚባል ሰነድ በየዓመቱ ያወጣሉ። የኮሌጁን ስም ከነዚህ ሦስት ቃላት ጋር ጎግል ላይ ጻፉት። ፒዲኤፉን ክፈቱና በቀጥታ ወደ ክፍል "ዲ" ሂዱ፤ ስለ ትራንስፈር የሚያወራው እሱ ነው። ስንት ሰው እንዳመለከተ፣ ስንቱ እንዳለፈ፣ ስንቱ እንደተመዘገበ በቁጥር ተቀምጦላችኋል። እዚያው ታች ደግሞ ምን ምን ወረቀት እንደሚፈልጉ አለ። አስር ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። ከአስር ልጅ ዘጠኙ ግን ይህን ሰነድ ሳያይ ነው የኮሌጅ ዝርዝር ይዞ የሚመጣው።

ዝርዝሩን ከማውጣታችሁ በፊት ደግሞ "እኔ ማመልከት እችላለሁ ወይ?" የሚለውን አጣሩ። ሀርቫርድና ዬል ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት፣ ቢበዛ ሁለት ዓመት የተማረ ነው የሚፈልጉት። ዬል በዚያ ላይ አንድ ሰው በዕድሜው ከሦስት ጊዜ በላይ እንዲያመለክት አይፈቅድም፤ ሃይስኩል እያላችሁ የሞከራችሁት ይቆጠራል። ዩሲኤልኤና በርክሌይ ያሉበት የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ለሦስተኛ ዓመት የሚገቡ፣ 60 የሴሚስተር ክሬዲት የያዙ ተማሪዎችን ነው በዋናነት የሚቀበለው። ቅድሚያውም ለካሊፎርኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ልጆች ነው። አንድ ዓመት ብቻ ለተማረ ሰው በሩ ዝግ ነው ማለት ይቻላል።

የኖቫ (የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ) ልጆች ሌላ ጉዳይ አላቸው። የቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ከቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ጋር የመግባት ዋስትና ስምምነት አላቸው። አሶሼት (የሁለት ዓመት) ዲግሪውን በተጠየቀው ጂፒኤና በተጠየቁት ኮርሶች የጨረሰ ይገባል። ግን የሁለት ዓመት መንገድ ነው። ሕልማችሁ ቻርለትስቪል፣ ማለትም ይህ ዩኒቨርሲቲ፣ ከሆነ ከአንድ ዓመት በኋላ በዕጣ ከመሞከር ሁለተኛውን ዓመት ተቀምጦ በዋስትና መግባት ይሻላል ባይ ነኝ። በዚያ ላይ በጣም ይረክሳል።

ሴፕቴምበር እስከ ዲሴምበር፦ ውጤትና ሁለት ሰው

ስለ ውጤት ብዙ አልልም። በተቻለ መጠን ሁሉም ኤ ይሁን። ግን የትኛው ኮርስ ላይ እንደሆነ ይታያል። ኢንጂነሪንግ የሚፈልግ ልጅ ካልኩለስ፣ ፊዚክስና ኬሚስትሪ ሳይዝ በቀላል ኮርሶች 4.0 ቢያመጣ አይረዳውም። ኮርኔልን ብንወስድ፣ በውስጡ ያሉት ኮሌጆች እያንዳንዳቸው ከማመልከታችሁ በፊት መወሰድ ያለባቸውን ኮርሶች ለየብቻ ዘርዝረዋል። የሁለተኛ ሴሚስተር ኮርስ ከመምረጣችሁ በፊት ይህን ዝርዝር ማየት ያስፈልጋል፤ ያም ማለት ኖቬምበር ላይ።

ዋናው ጣጣ ያለው የድጋፍ ደብዳቤው ላይ ነው። አብዛኞቹ ከኮሌጅ አስተማሪ አንድ ወይም ሁለት ደብዳቤ ይጠይቃሉ። ትልልቅ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የፍሬሽማን ክፍል 300 ሰው ሊሆን ይችላል። ፊት ለፊት የምታዩት ሰው ረዳቱን ነው፤ ፕሮፌሰሩ ከሩቅ መድረክ ላይ ናቸው። ስለዚህ ሴሚስተሩ ሲጀምር ቢያንስ አንድ ሃያ ሠላሳ ሰው ያለበት ክፍል ምረጡ። የጽሑፍ ኮርስ ለዚህ ጥሩ ነው።

ከዚያ ኦፊስ አወር አለ። እኛ ቤት ያደገ ልጅ ሳይጠራ አስተማሪ ቢሮ መሄድ ድፍረት ይመስለዋል። የሚጠራው ያጠፋ ብቻ ነው ብሎ ነው ያደገው። እዚህ አገር ግን ፕሮፌሰሩ ሰዓቱን መድበው፣ በሩን ገርበብ አድርገው፣ ብዙ ጊዜ ማንም ሳይመጣ ብቻቸውን ይቀመጣሉ። "ልተዋወቅዎት ነው የመጣሁት" ማለት ግን ያሳፍራል፤ ለሁለታችሁም። አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ግቡ። "ገጽ 42 ላይ ያለው ምሳሌ እዚህ ጋ ለምን እንደማይሠራ አልገባኝም" ይበቃል። በሦስት ሳምንት አንዴ ብትሄዱ እስከ ዲሴምበር አምስት ጊዜ ይሆናል። አምስት ጊዜ ያወራችሁት ሰው ስለ እናንተ የሚጽፈው ነገር አያጣም።

ደብዳቤውን ጃንዋሪ መጨረሻ ላይ ጠይቁ፤ ቢያንስ የአንድ ወር ጊዜ ስጧቸው። ኢሜይሉ አጭር ይሁን። ለምን መዛወር እንደፈለጋችሁ በሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ በክፍላቸው የጻፋችሁትን ወረቀት ከነማርኩ አያይዙ፤ ቀኑን በግልጽ አስቀምጡ። ፎርሙ ላይ "ደብዳቤውን የማየት መብቴን ትቻለሁ" የሚል ሣጥን አለ። ምልክት አድርጉበት። ያላደረገ ልጅ ደብዳቤ ክብደቱ ይቀንሳል።

ጃንዋሪ፦ ወረቀት መሰብሰብ

ኮመን አፕ፣ ብዙ ኮሌጆች በጋራ የሚጠቀሙበት የኢንተርኔት ማመልከቻ፣ ለትራንስፈር የተለየ ፎርም አለው። ሃይስኩል እያላችሁ የሞላችሁት አይደለም፤ እንደ አዲስ ትከፍታላችሁ። ኤምአይቲ ደግሞ የራሱ መግቢያ አለው። ማብቂያ ቀኑ ለብዙዎቹ ማርች 1 ወይም ማርች 15 ነው፤ ፌብሩዋሪ ላይ የሚዘጉም አሉ። ቀኑ ከዓመት ዓመት ስለሚቀያየር ከጓደኛ አፍ አትስሙ፣ ከኮሌጁ ገጽ ላይ አንብቡት።

የሚያስፈልጋችሁ የኮሌጅ ትራንስክሪፕት፣ የሃይስኩል ትራንስክሪፕት፣ ደብዳቤዎቹና ጽሑፎቹ ናቸው። ሰው የሚረሳቸው ሁለት ፎርሞች ደግሞ አሉ። አንዱ "ኮሌጅ ሪፖርት" ነው፤ ሬጅስትራሩ ወይም ዲኑ ሞልቶ፣ በሥርዓት ያለ ተማሪ መሆናችሁንና የዲሲፕሊን ችግር እንደሌለባችሁ ያረጋግጣል። ሌላው "ሚድተርም ሪፖርት" ነው፤ አሁን የምትማሩት ኮርስ ላይ ውጤታችሁ ምን እንደሚመስል ያሳያል።

ይህ ሁለተኛው እግር ያቀጥናል። ወረቀቱን አትማችሁ ከአንዱ አስተማሪ ወደ ሌላው መዞር ሊኖርባችሁ ይችላል። ፌብሩዋሪ መጨረሻ ላይ አንዷ አስተማሪ "ገና አንድም ፈተና አልሰጠሁም እኮ" ትላችኋለች። አትደንግጡ። እስካሁን ያለው የቤት ሥራ ውጤት ይጻፍ፤ እሱም ከሌለ ውጤት ገና እንዳልተሰጠ ትጻፍና ትፈርም። ባዶ ቦታ ብቻ አይተው።

ኤስኤቲ የሚባለው የኮሌጅ መግቢያ ፈተናም አለ። በወረርሽኙ ጊዜ ትተውት የነበሩ በርካታ ኮሌጆች መልሰውታል። ኤምአይቲ በ2022 ነው የመለሰው። የትራንስፈሩ ደንብ ከፍሬሽማኑ የሚለይበት ቦታ ስላለ በየኮሌጁ አጣሩ። ካሊፎርኒያዎቹ ብትልኩላቸውም አያዩትም።

ሃይስኩል አገር ቤት የጨረሳችሁ ልጆች፣ ይህን ሥራ ኖቬምበር ላይ ጀምሩት። ትራንስክሪፕቱ በትምህርት ቤቱ ማኅተም ታሽጎ፣ የብሔራዊ ፈተናው ውጤት ተጨምሮ መምጣት አለበት። ጃንዋሪ ላይ አክስታችሁን "እስቲ ሪከርድ ክፍል ብቅ በይልኝ" ብትሏት፣ ገና 7፣ ጥምቀት 19 ነው፤ መሐል ላይ ያለችውን ሳምንት "ነገ ተመለሺ" ትበላታለች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነውና ቀደም ብሎ መላክ ነው።

ሥራ ትሠሩ ከነበረ እንዳትደብቁት። ቅዳሜና እሁድ ፓርኪንግ መሥራት፣ ለእናት ክሊኒክ ሄዶ ማስተርጎም፣ ታናሾችን ከትምህርት ቤት ማምጣት፣ ሁሉም የሚጻፍበት ቦታ አለ። በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሆነ አስቀምጡ። "ይሄ እንደ አክቲቪቲ አይቆጠርም" ብሎ የተወው ልጅ ብዙ ነው፤ ይቆጠራል።

ጽሑፉ

የትራንስፈር ጽሑፍ የሃይስኩሉ ዓይነት አይደለም። ስለ ልጅነታችሁ፣ ስለ ስደቱ፣ ስለ አያታችሁ የተጻፈ ቆንጆ ታሪክ ብቻውን አያስገባም። የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ ለምን ትለቃላችሁ፣ ለምንስ ወደ እኛ? ብዙ ጊዜ ከ650 ቃል አይበልጥም።

ባለፈው ዓመት አንዲት ልጅ የመጀመሪያ ረቂቋን አምጥታልኝ ነበር። እንዲህ የሚል ነበር፤ "አሁን ያለሁበት ትምህርት ቤት አይፈትነኝም። ተማሪዎቹ ለትምህርት ግድ የላቸውም። የእናንተ ኮሌጅ በዓለም ታዋቂ ፕሮፌሰሮችና ውብ ካምፓስ አለው።" ሦስት ዓረፍተ ነገር፣ ሦስት ስሕተት። የመጀመሪያው ስድብ ነው። ሁለተኛውም ስድብ ነው፤ በዚያ ላይ ደብዳቤ የጻፉላትን ፕሮፌሰር ይነካል። ሦስተኛው የሃምሳ ኮሌጅ ስም ቢገባበት አይለወጥም።

"ቆይ፣ ምንድን ነው የቸገረሽ?" አልኳት። ትንሽ አስባ ስለ እናቷ ስልክ ነገረችኝ። እናቷ ጣታቸው ስለሚያማቸው መልእክት በድምፅ ነው የሚልኩት። ስልኩ ወደ ጽሑፍ ሲቀይረው አማርኛው እንዳልሆነ ሆኖ ይወጣል። "ጠብቂኝ" ያሉት "ጠበቂኝ" ሆኖ ወጥቶ ስቃ ነበር። ከዚያ ለምን እንደሆነ ማወቅ ፈለገች። አንድ የሥነ ልሳን ኮርስ ወሰደች፤ ኤ አመጣች። ሁለተኛውን ስትፈልግ የለም። ኮምፒውተር ሳይንስ አለ፣ ሥነ ልሳን እንደ ዋና ትምህርት የለም፣ ሁለቱ የሚገናኙበት ላብራቶሪ ጭራሽ የለም።

በቃ፣ ጽሑፏ እሱ ነው። አዲሱ ረቂቅ በስልኩ ጀመረ። ቀጥሎ ያለችበት ትምህርት ቤት የሰጣትን አስቀመጠ፤ ያቺን አንዷን ኮርስና ከፕሮፌሰሯ ጋር የሠራችውን ትንሽ ጥናት። ከዚያ መንገዱ የት ላይ እንደሚያልቅ አሳየ። መጨረሻ ላይ የምታመለክትበትን ኮሌጅ ሁለት ኮርሶች በስም ጠርቶ፣ እዚያ ምን እንደምትሠራ ተናገረ። ማንንም አልሰደበም። የሚያነበው ሰው "ይቺ ልጅ መሄድ አለባት" እንዲል አደረገው።

የእናንተ ምክንያት እንዲህ የተሰካካ ላይሆን ይችላል። ፍሬሽማን ላይ ብቸኝነት በልቷችሁ ሊሆን ይችላል። ክፍያው ከብዶም ይሆናል። አባት ታሞ ወደ ቤት መቅረብ ፈልጋችሁም ይሆናል። ሁሉም እውነተኛ ምክንያት ነው፤ ጻፉት። ግን በሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግራችሁ ወደ ትምህርቱ ተመለሱ። "ስሙ ትልቅ ስለሆነ" የሚለው ብቻ ነው የማይጻፈው። ሌላ ምክንያት ፈልጋችሁ ካጣችሁ፣ ክፍያ ያለበትን ማመልከቻ ባታስገቡስ?

ገንዘቡስ?

የእናት ጥያቄ ትክክል ነበር። ለፍሬሽማን በደንብ የሚከፍሉ ኮሌጆች ለትራንስፈር እጃቸውን ሊሰበስቡ ይችላሉ። ሁለት ነገር ጠይቁ። ለትራንስፈር ተማሪ የሚያስፈልገውን ሙሉ ድጋፍ ትሰጣላችሁ? የመክፈል አቅሜ ለመቀበሌ ውሳኔ ይታያል? መልሱ ገጻቸው ላይ ከሌለ ለፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ደውሉ። ውጤት ታይቶ የሚሰጠው ስኮላርሺፕ ብዙ ቦታ ለፍሬሽማን ብቻ ነው።

ፋፍሳ (የመንግሥት የትምህርት ገንዘብ ድጋፍ ፎርም) ቀድሞውኑ ሞልታችሁ ከሆነ አዲሶቹን ኮሌጆች መጨመር ብቻ ነው። ብዙ የግል ኮሌጆች ግን ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባለውን ሌላ የገንዘብ ድጋፍ ፎርምም ይፈልጋሉ። ለመጀመሪያው ኮሌጅ 25 ዶላር፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ 16 ዶላር ያስከፍላል፤ የቤተሰብ ገቢ እስከ 100,000 ዶላር ከሆነ ግን ነፃ ነው። የኮመን አፕ ክፍያም አቅም ለሌለው ይነሣል።

ሲኤስኤስ ከፋፍሳ ይልቅ ጠለቅ ብሎ ይገባል። አባት ኡበር የሚነዳ ከሆነ የግብር ወረቀቱ ከነንግድ ገቢው ይጠየቃል። አዲስ አበባ ቤት ወይም መሬት ካለ እሱም ንብረት ነው፤ ይጻፋል። "አገር ቤት ያለው አይታይም" የሚል ምክር ሲዞር እሰማለሁ። አትስሙት። ፎርሙ ላይ ልዩ ሁኔታ የሚጻፍበት ቦታ አለ። በየወሩ ለአያት የሚላከው፣ የታመመ ዘመድ የሚረዳበት ገንዘብ እዚያ ይገባል። አንዳንዱ ኮሌጅ ከግምት ያስገባዋል፣ አንዳንዱ አያስገባውም፤ መጻፉ ግን አይጎዳም። ወላጆች ከተለያዩ ደግሞ የሌላኛውንም ወላጅ ገቢ የሚጠይቁ አሉ። አባት አገር ቤት ሆኖ ግንኙነት ከሌለ፣ ይህ እንዲቀር የሚጠየቅበት ፎርም አለ። ሁኔታውን የሚያውቅ የውጭ ሰው፣ ለምሳሌ አማካሪ ወይም ቄስ፣ ደብዳቤ እንዲጽፍ ይጠየቃል።

በኤፍ-1 (የተማሪ) ቪዛ ላላችሁ መንገዱ ጠባብ ነው። ፋፍሳ አይመለከታችሁም። ለውጭ አገር ትራንስፈር ተማሪ ገንዘብ የሚሰጡት ጥቂት ናቸው። ስደተኝነት ወይም ጥገኝነት ያገኘ ልጅ ግን ፋፍሳ መሙላት ይችላል፤ ይህን የማያውቅ ሰው አሁንም ያጋጥመኛል። በኤፍ-1 የሚዛወር ተማሪ ከተቀበሉት በኋላ አሁን ያለበትን ኮሌጅ የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ማናገር አለበት። መንግሥት የውጭ ተማሪን የሚከታተልበት የሴቪስ መዝገቡ ወደ አዲሱ ይተላለፋል፤ አዲሱ ኮሌጅ አዲስ አይ-20 (ለቪዛ የሚያስፈልገውን ወረቀት) ይሰጣል። ይህ ሳያልቅ በጋውን አገር ቤት ልሂድ ማለት አደጋ አለው።

ከላካችሁ በኋላ

መልስ ከኤፕሪል እስከ ጁን ድረስ ሊመጣ ይችላል። እስከዚያ ድረስ አሁን ያላችሁበትን ትምህርት ቤት እንደማትለቁት ሁኑበት። ለመጪው ዓመት ኮርስ ተመዝገቡ፤ የመኝታ ክፍል ያዙ፤ ለጓደኛ ሁሉ "እሄዳለሁ" አትበሉ። አብዛኛው ሰው አያልፍም፤ ኦገስት ላይ ደግሞ የሆነ ቦታ ማደር አለባችሁ።

ከተቀበሏችሁ ለመወሰን የሚሰጣችሁ ጊዜ አጭር ነው፤ ሁለት ሳምንት ሊሆን ይችላል። በእሱ ውስጥ ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጡ። አንዱ የገንዘብ ድጋፉ ደብዳቤ ነው። ሌላው የክሬዲት ግምገማው ነው፤ ከወሰዳችሁት ውስጥ ስንቱን እንደሚቆጥሩላችሁ ይነግራል። አስር ኮርስ ወስዳችሁ ስድስት ከተቆጠረ፣ ግማሽ ዓመት ዘግይታችሁ ልትመረቁ ነው ማለት ነው፤ የግማሽ ዓመት ክፍያም ማለት ነው። ለዚህ ነው የየኮርሱን ሲላበስ (የይዘት ዝርዝር) ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማስቀመጥ የሚያስፈልገው። "ይህ ኮርስ ከእኛ ጋር አይመሳሰልም" ሲባል ሲላበሱን ልኮ ማስቀየር ይቻላል። እኔ ራሴ አንድ የስታቲስቲክስ ኮርስ ያስመለስኩት በዚህ ነው።

የስፕሪንጉን ውጤት እንዳትጥሉ። ጁን ላይ የመጨረሻ ትራንስክሪፕት ይላካል፤ ውጤቱ በጣም ከወረደ የተሰጠውን ቦታ መንጠቅ ይችላሉ። ከመላኩ በፊት ደግሞ በአሮጌው ትምህርት ቤት መዝገብ ላይ ያልተከፈለ ነገር አለመኖሩን እዩ። እኔ ስዛወር 35 ዶላር የፓርኪንግ ቅጣት ነበረብኝ፤ ረስቼዋለሁ። ትራንስክሪፕቴን ስጠይቅ ሲስተሙ እምቢ አለ። አዲሱ ኮሌጅ የሰጠኝ ጊዜ ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው ነው የደረስኩበት። ቅጣቱን በካርድ ከፈልኩ፤ እገዳው እስኪነሣ ሁለት ቀን ፈጀ፤ ሁለቱን ቀን ሬጅስትራሩ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ ነው ያሳለፍኩት።